ሊቀ ቋጠሮና የውሸቷ ዓሣ

ውሃ ባለበት ሁሉ ዓሣ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ የቋጠሮ ሊቅ መኖሩን ግን አልጠራጠርም። መቼም አይታችሁታል። እናንተ መንጠቆ ወርውራችሁ፣ ስታችሁ፣ ደግማችሁ ስትወረውሩ፣ እሱ ገና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ክሩን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ይመረምራል።

የእኛው ሊቅ ጎረቤቴ ነው፤ በሙያው ሰዓት ጠጋኝ፣ በማዕረጉ ሊቀ ቋጠሮ። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እሱም ሳያቅማማ ተቀብሏል። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። በእኔ ሙያ ሁለት ነገር ይገጣጠማል፤ ካላንጠባጠበ ተገጥሟል፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይኬዳል።

ለሊቀ ቋጠሮ ግን እውነተኛውን ዓሣ የምታታልለውን ያቺን ጣት የምታክል የፕላስቲክ የውሸት ዓሣ ከክር ጋር ማገናኘት ልጅ ከመዳር አይተናነስም። "በቀጥታ አጥብቄ ልሰራት?" ይላል። "አንገቷን ካነቅኳት እንደ ልቧ አትዋኝም።" ቀለበት ትቶ ላላ አድርጎ ያስራታል። ቀጥሎ ይፈታታል። "ቀለበቱ ድንጋይ ከነካ ይላላጣል።" ከዚያ መርፌ ቁልፍ የምትመስል የሽቦ ማያያዣ ከሳጥኑ ያወጣል፤ በእሷ ከሆነ አንዷን አውልቆ ሌላዋን መስቀል የቅጽበት ሥራ ነው። "ግን ትከብዳታለች፤ አፍንጫዋን ትደፋለች።" የውሸት ዓሣ አፍንጫ እንዳላት ያወቅኩት ከእሱ ነው።

"ወንድምዓለም፣ የጥድፊያ ቋጠሮ የጥድፊያ ዓሣ ነው የሚይዘው።"

"የጥድፊያውም ይበላል እኮ!"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉማ ሄደ፤ የቀረኸው አንተ ነህ።"

የማያውቀውን ሰው የማጥመጃ ዘንግ አንስቶ፣ ቋጠሮውን አይቶ፣ የታማሚ ራጅ እንዳየ ሐኪም "ማን አሰረልህ?" ብሎ ይተነፍሳል። በወንድሜ ልጅ ሠርግ ላይ የሙሽራውን ከረቫት ካላሰርኩ ብሎ እያሰረ ሲፈታ፣ ሙሽሪት ራሷ መጥታ አስራ ወሰደችው። እሱ ራሱ የሚጫማው ክር የሌለው ጫማ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ "ጠዋት ጠዋት ሥራ አለብኝ" አለኝ።

በቅርቡ ግን ነገሩ ከረረ። እትዬ የምላት ባለቤቱ፣ መኝታ ቤቷን የወረሩትን ሳጥኖችና ዘንጎች አይታ ፈረደች። "ቅዳሜ አንድ ዓሣ፣ አንድ ብቻ፣ ይዘህ ካልገባህ ይሄ ሁሉ እሁድ ይሸጣል!" እትዬ ደግሞ ቀልድ አታውቅም።

ቅዳሜ ዓሣው ከውሃው እየዘለለ ያሾፍብናል። ሊቀ ቋጠሮ በሽቦዋ አሰረ፣ ፈታ። በቀለበት አሰረ፣ በምራቁ አርጥቦ አጠበቀ፣ ፈታ። የሰዓት ጥርስ በወረንጦ የሚያነሳ ሰው፣ ያን ቀን የክሩን ጫፍ ከቀዳዳዋ ማስገባት አቃተው።

"ዛሬስ ዝም ብለህ ወርውር!"

"ዛሬ እኮ ነው ዝም ተብሎ የማይወረወረው።"

እሱ ይህን ሲል የኔ ክር ተወጠረ። ክንድ የሚያክል ዓሣ! የውሸቷን ዓሣ እስከ ጉሮሮው ውጧት ስለነበር ክሩን ቆረጥኩና ሁሉንም እንዳለ ሰጠሁት። "እንካ፤ እኔ ያዝኩት በል።"

የዓሣውን አፍ ከፍቶ አየ። "በዚህ ቋጠሮ? ስሜ ይጠፋል!"

በግድ ከቦርሳው ከተትኩለትና ለምስክርነት ቤቱ ድረስ ተከተልኩት።

እትዬ ዓሣውን የዕቃ ማጠቢያው ላይ አጋደመች። አፉን በአውራ ጣቷ ፈልቅቃ አየችና፣ "ይሄ ቋጠሮ የእሱ አይደለም" አለች።

"በምን አወቅሽ?" አልኩ።

"የእሱ ቢሆን ገና አላለቀም ነበር።"

ባልየው አቀረቀረ። "የእሱ ነው" ብሎ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። ቀጥሎም፣ "ጭራሽ ሳያረጥብ ነው ያጠበቀው" አለ። ሞት ፊት ቆሞም የማይታረም ሰው!

"እትዬ፣ ዘንጎቹን አትሽጪብን" አልኩ።

"አንተን ምን አገባህ? ተገላገልክ እኮ።"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ታዲያ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?"

ከአፌ እስኪወጣ ድረስ እንዲህ እንደማስብ አላውቅም ነበር። እሱም ቀና ብሎ አየኝ። እትዬ ቢላዋውን ከሚገባው በላይ አጠበችው።

"እሺ፣ ይቆዩ" አለች በመጨረሻ። "ግን ከእንግዲህ እቤቱ ቋጥሮ ነው የሚወጣው። ውሃ ዳር የሚቋጠር ነገር የለም!"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሞተር ሳይክሌ ደረስኩና ጥሩምባ ነፋሁ። ሊቀ ቋጠሮ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ከግድግዳው ሦስት ዘንጎች ተደግፈዋል፦ አንዱ በቀጥታ የታሰረ፣ አንዱ በቀለበት፣ አንዱ በሽቦዋ። እንደ ባለሙያ ካየሁት እንከን አልነበራቸውም።

"ጨርሻለሁ!" አለኝ በኩራት።

"እንሂዳ!"

"ሞተሩ ላይ የሚጫነው ግን አንድ ብቻ ነው።" ፂሙን አሻሸ። "የቱን ልያዝ?"

ፀሐይዋ ብቅ ማለት ጀምራለች፤ ዓሦቹም ቁርሳቸው ላይ ናቸው። ሞተሩን አጠፋሁና አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

"እስቲ ከቀለበቷ እንጀምር" አልኩት።