አራሷን ትተን ሰልፍ የወጣን ለት

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ዝናቡ እንደሆነ ዛሬም አይለቀን። ቡናው መቅላት ጀምሯል፤ የዲላ ሰማይ ግን ክረምት መውጣቱን ገና አልሰማም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ቧንቧ ግን ዝም ካላችሁት ይዝጋል! እንግዲህ መጮህ ካልቀረ፣ በእግር ወጥቶ ነው ወይስ በስልክ? የልጅ ልጄ ምሕረት «በስልክ» ባይ ናት፤ የተበላሸውን ፎቶ አንሥታ ፌስቡክ ላይ ትለጥፍና ሹሙ ቢሮው እንደተቀመጠ ያፍራል። ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ ደግሞ እግሬን አምናለሁ። ላቡ የማይታይ አቤቱታ ምኑን አቤቱታ ሆነ? እንዲህ ስንሟገት ኖረን፣ አንድ ቀን ሁለታችንም አፈርን።

ጊዜው በጋ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ የሚቀዳባት ቦኖ ደረቀች፤ ብትከፍቷት ታፏጫለች እንጂ ጠብ አይላትም። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ብርቄ ወለደች። ባሏ ቡና ሊያጥብ ሬኮ ወርዷል። አራስ ደግሞ፣ መቼም ታውቃላችሁ፣ ወገቧ እስኪጠና ደጅ አትረግጥም፤ ውኃዋን የሚቀዳላት ጎረቤት ነው። ይህን ማንም አልጻፈውም፤ የማያውቀውም የለም።

«ለዚች አራስ ስንል እንውጣ!» አልኩ። ከእኔ ሌላ ማን ሊል! ጎረቤቴ ዘይነባ ሱቋን ዘጋች፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ነቅሎ ወጣ። በአንድ እጃችን ባዶ ጀሪካን፣ በአንድ እጃችን እርጥብ ሣር፤ ሣሩ በእኛ አገር «ለጠብ አልመጣሁም፣ ስሙኝ» ማለት ነው። ውኃ ቢሮው ደጅ ቆመን ጮኽን። «አራስ አለችን! በውኃ ጥም ልትሞትብን ነው!» የእኔ ድምፅ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። አንድ ሹም ብቅ አለና «እናቶቼ፣ ችግራችሁን ተረድተናል» አለን።

«ከተረዳኸውማ ይኸው፣ ሙላው!» ብላ ዘይነባ ጀሪካኗን ዘረጋችለት። ሳቅን። እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀን መሰላችሁ!

ስንመለስ ምሕረት ያነሣችውን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። ጀሪካን ያዘለች ሴት ከወንዙ ዳገት ላይ ጎንበስ ብላለች። ብርቄ ናት።

ዞሬ ዘይነባን አየኋት። «እኔማ አንቺ ቀድተሽላት የወጣሽ መስሎኝ!» አለች። እኔም እሷ የቀዳችላት መስሎኝ ነበር። ሌሎቹም እንደዚያው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? እኛስ ሣሩን ይዘነው ነበር የወጣነው።

ምሕረት «ከወለደች ሳምንት ያልሞላት እናት» ብላ የለጠፈችው ቢሮውን ልታሳፍር ነው። ከሥሩ የተጻፈውን ስታነብልኝ ግን ቢሮውን ያነሣ የለም። «እዚያ ሰፈር ሴት የለም ወይ?» ይላል አንዱ ከይርጋጨፌ። «አራስ ወንዝ የሚያስወርድ ጎረቤት ምን ጎረቤት ነው!» ይላል ሌላው ከወናጎ። በአንድ ከሰዓት አገር አወቀን።

ምሕረትን ልቆጣት ብዬ ተውኩት። እሷ የብርቄን ፊት ሳታስፈቅድ አደባባይ አወጣችው፤ እኔስ አራስነቷን ስለፍፍ መቼ አስፈቀድኳት?

አንገቴን ደፍቼ ብርቄ ቤት ገባሁ። ስድቧን ጠብቄ ነበር። «እማማ፣ ብጣራ ብጣራ ሰው የለም፤ ለካ ለእኔ ልትጮኹልኝ ወጥታችኋል። እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ቦኖዋ በዚያው ሳምንት ተጠገነች። ምሕረት ስልኬ ነው ትላለች፤ ዘይነባ ሣሩ ነው ትላለች፤ እኔ አልሟገትም። ምሕረት ፎቶውን አጠፋችው፤ ዳሩ ሰው ቀድሞ ወስዶት ኖሮ አሁንም ይዞራል አሉ። የብርቄ ባል ከሬኮ ተመለሰ፤ ሕፃኑ ዛሬ ተማሪ ቤት ገብቷል። ዘይነባም ሱቋ ውስጥ አለች። ብርቄ ግን ከዚያ ወዲህ ሴት በወለደች ቁጥር ከሁላችን ቀድማ የምትደርስ እሷ ሆነች። እኔ ጀሪካኔን አዝዬ ስገባ፣ ያራሷ እንስራ ሁልጊዜ ሞልቶ አገኘዋለሁ።