የቁርጥማት መካሪ

እናንተ ሰፈር የቁርጥማት መካሪ አለ? ከሌለ ደብረ ታቦር ድረስ ኑና ጎረቤቴን አያ ደምሴን ውሰዱልኝ፤ ከነከዘራቸው መርቄ እሰጣችኋለሁ።

አያ ደምሴ የሚያክሙት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሚስታቸውን እትዬ ጥሩዬን። “ጨው ቀንሺ፣ ጮማ አትንኪ” ይሏቸዋል። ጮማው መቼ ከእሳቸው ሳህን አልፎ እትዬ ጥሩዬ ዘንድ ደርሶ ያውቃል? “ብርድ ላይ አትቀመጪ” ይላሉ ደግሞ። ለመሆኑ ሴትዮዋ መቼ ተቀምጠው ያውቃሉ?

ምክሩ አልሠራ ሲል ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዘዋቸው ወረዱ። ሲመለሱ ከመናኸሪያው በላይ አገኘኋቸው። እትዬ ጥሩዬ ትልቅ ጀሪካን በገመድ አዝለው ዳገቱን ይወጣሉ፤ አያ ደምሴ ከዘራቸውን ይዘው ከኋላ ይከተላሉ።

“ምንድን ነው ያዘሉት?” አልኩ።

“የወንዛዬ ውሃ ነዋ!” አሉ አያ ደምሴ ቀድመው። “ቤት እያሞቀች ጉልበቷን ትታሽበታለች። እዚያ እኮ እንደ ልጅ ነው የሮጠች! ተአምር ነው ውሃው።”

“እውነት ተሽሎዎት ነበር?” አልኳቸው እትዬ ጥሩዬን።

“ተሽሎኝ ነበር” አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። “እዚያ ውሃ አልቀዳሁማ። እንጨትም አልተሸከምኩ።”

ጀሪካኑን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ አያ ደምሴ ከዘራቸውን መሃል አስገቡ።

“ተዪ! መድኃኒት የሌላ ሰው እጅ ከነካው ይረክሳል።”

ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩና፣ ድምፃቸውን እንደ አስታማሚ አለስልሰው፣ “ቀስ እያልሽ ውጪ” አሏቸው፤ “እንዳይፈስ።”