እትዬ መርፌ አንዲት ሌሊት ለመተኛት ወደ ተራራ የዘመቱበት ዜና

በዘመነ ሶፋ፣ አውቶቡስ ነጂው ባላቸው ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን በተሰደዱ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ በደረቀ ጊዜ፣ ሱሪን የሚያጠብቡ፣ ቀሚስን የሚያሰፉ፣ ዚፕ ለከዳው ሁሉ መጠጊያ የሆኑ፣ እግዚእተ መርፌ ወፈትል፣ ልብስ ሰፊዋ እትዬ መርፌ ብቻቸውን ተራራ ወጥተው አድረው ይመለሱ ዘንድ በልባቸው ቆረጡ።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። በዚያ ቤት ሌሊት ሌሊት አንድ ሰው ያንኮራፋ ነበር። እትዬ መርፌ ባሌ ነው ይላሉ፤ ባልም እሷ ናት ይላሉ፤ ልጃቸው ግን ለማንም ሳትፈርድ ትራስ በጆሮዋ ላይ ትጭናለች። ማንኮራፋቱ ኩርፊያን ወለደ፣ ኩርፊያውም ስደትን ወለደ፣ ባልም ብርድ ልብሳቸውን ታቅፈው ሳሎን ገቡ፤ ሶፋው አጭር፣ ሰውየው ረጅም ነበሩና ጉልበታቸውን እንደ ሜትር አጣጥፈው ያድሩ ጀመር። ይህም ሁሉ ሆኖ ድምፁ አልቀረም፤ እትዬ መርፌንም ከጣፋጭ እንቅልፋቸው እየቀሰቀሰ፣ ግድግዳ በስቶ ይመጣል አሰኛቸው።

በዘመቻውም ዋዜማ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«ባሌም ልጄም ስሙኝ። ነገ የማድረው ማንም በማያንኮራፋበት አገር ነው። ሾርባው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ አሙቁት እንጂ አታሳርሩት። የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አብርቶ የተኛ ወዮለት። ቤት ካልተቃጠለ በቀር አትደውሉልኝ፤ ቢቃጠልም መጀመሪያ ውሃ ድፉበት፣ ከዚያ ደውሉ።»

በማግስቱም ሊሸኟቸው የወጡት መኳንንት እነዚህ ናቸው፦ ሻንጣ ተሸካሚው ባላቸው፣ ጃንጥላ ያዥዋ ልጃቸው፣ ነጠላ ጫማቸውን አቀያይረው ያደረጉት የታች ቤቱ ጎረቤት፣ የሕንፃው ዘበኛ፣ እስከ ሁለተኛው ደረጃ ድረስ ታማኝ ሆና ከዚያ ሐሳቧን የቀየረችው ድመት። ከዚያ ወዲያ ግን የተከተላቸው የለም፤ በሚያፈስ ፔርሙስ፣ በዳቦና በተቀቀለ እንቁላል ታጅበው ወጡ።

ተራራውም ትዕቢተኛ ነበረ፤ አንዱን ጉብታ ወጡት ሲባል ሌላውን ይደግሳል። ጉልበታቸው አቤቱታ አቀረበ፤ አልሰሙትም። ወገባቸው ይግባኝ አለ፤ እሱን ግን ሰምተው እየደጋገሙ ተቀመጡ። ፀሐይም ልታዘቀዝቅ ስትል ከላይ ደረሱ፣ ድንኳናቸውንም ተከሉ።

ድንኳኑም በገዛ እጃቸው የሰፉት ነበረ፤ ጣሪያው ከተሰበሩ ጃንጥላዎች፣ አንዱ ግድግዳ ከተማሪ ዩኒፎርም ቁራጭ፣ ሌላው ሠርጓ ቀርቶ ሳትወስደው ከቀረች ሙሽራ ቀሚስ ገበር። በሩም ከአሮጌ ሱሪዎች በተፈቱ ዚፖች የተቀጣጠለ ነበረና፣ የሚገባም የሚወጣም አንድ በአንድ እየከፈተ ነው።

እራታቸውንም በልተው ጋደም አሉ። ዝምታውም እንደ አዲስ ጨርቅ ሰፊና ንጹሕ ነበረ፤ እትዬ መርፌም አገሬ ይህ ነው ብለው ዓይናቸውን ከደኑ። ወዲያው ግን ከአጠገባቸው አንድ አውሬ አጓራ።

ዘለው ተነሡ፤ መቀሳቸውን ጨበጡ፤ ዚፑን ከፈቱ፣ ሁለተኛውንም ከፈቱ፣ ሦስተኛው ገበር ነከሰ፤ በግድ ተፈልቅቀው ሲወጡ ከጨረቃና ከድንጋይ በቀር ምንም አልነበረም። ገብተው ተኙ፤ አውሬው ዳግመኛ አጓራ። አሁንም መቀስ፣ አሁንም ዚፕ፣ አሁንም ጨረቃ። በዚህ ጊዜ ከድንጋዩ ላይ ወጥተው አዋጅ አወጁ፦

«አንተ አውሬ፣ ጅብም ሁን ከርከሮ፣ ውጣና ፊት ለፊት እንተያይ። ሠርቶ አዳሪ ሴት እንቅልፍ መንሳት ወንድነት አይደለም።»

አውሬውም መልስ አልሰጠም። ስለዚህ በጥበብ ሊይዙት አሰቡ፤ የተኙ መስለው አፋቸውን ገርበብ አድርገው ቢጠብቁት አልመጣም፤ መጠበቁም ሰልችቷቸው፣ እንቅልፍ በእውነት ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ ከእንቅልፍና ከንቃት መካከል ባለችው ቀጭን ስፌት ላይ ሳሉ፣ አውሬውን በገዛ አፍንጫቸው ውስጥ እያጓራ አገኙት።

እትዬ መርፌም ተነሥተው በብርድ ልብሳቸው ተጠቅልለው ተቀመጡ። መጀመሪያ ብርዱ ነው አሉ። ቀጥሎም የከፍታው ነገር ነው አሉ። ከዚያ ግን ባላቸው ሌሊቱ ሳይነጋ አውቶቡስ ሊነዱ ሲነሡ፣ ከሶፋው ላይ እግራቸውን በእጃቸው እያነሡ የሚያወርዱት ነገር ትዝ አላቸው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት ስለ ማን እንደ ተተረተ ያን ሌሊት ገባቸው።

ጎሕም ሲቀድ ወረዱ፤ ከሰፈራቸውም በደረሱ ጊዜ የሕንፃው ሕዝብ ሁሉ ፊቱ በርቶ አገኙት። ዘበኛው እያፏጨ ነው፤ የታች ቤቱ ጎረቤት ሥራ እስኪረፍድባቸው ድረስ ተኝተው ገና ጥርሳቸውን ይፍቃሉ፤ ሁሉም ምን ዓይነት የታደለ ሌሊት ነበር ይባባላሉ። እትዬ መርፌም ሆድ ይፍጀው ብለው አለፉ።

ቤትም ሲገቡ ባላቸውን፣ የዕረፍት ቀናቸው ነበርና፣ ከሶፋው ላይ ተኝተው አገኟቸው። ሰፊው አልጋ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሳለ፣ ስደቱን ያነሣ አዋጅ አልወጣም ብለው እዚያው ታጥፈው አድረው ነበር፤ ትንፋሻቸውም እንደ ሕፃን ትንፋሽ ድምፅ አልነበረውም። እትዬ መርፌ ቆመው ብዙ አዳመጡ። ከዚያም ሳል ብለው ቀሰቀሷቸውና ይህን የምሕረት አዋጅ አወጁ፦

«ከዛሬ ጀምሮ ምሬሃለሁ። አልጋህ ተመልሶልሃል። ማን አንኮራፋ የሚለው ነገር ተዘግቷል፤ ዳግመኛ ያነሣው ሰው የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይትከል።»

አዋጁንም በስጦታ አጸኑት፤ በኮት ትከሻ ውስጥ ከሚገባው ጥጥ ቆርጠው፣ በሐር ክር ጠቅልለው፣ ለጆሮ በልክ የሰፉትን ጥንድ ውታፍ በባላቸው መዳፍ ላይ አኖሩ። ባልም ውታፉን አገላብጠው አዩ፤ ሚስታቸውንም አዩ፤ ብርድ ልብሳቸውንም ታቅፈው በክብር ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

ተራራ የወጣ ብዙ ነው፤ አውሬ ያሳደደም አይጠፋም፤ ነገር ግን አውሬውን በገዛ አፍንጫዋ ማርካ፣ በደለኛ ሳለች ይቅር ባይ ሆና የተመለሰች ከእትዬ መርፌ በቀር በየትኛው ዘመን ተሰማች? መርፌያቸው አይዛግ፣ ክራቸው አይበጠስ፣ እንቅልፋቸውም ከነነጎድጓዱ ይርዘም፤ ለባላቸውም ጥጡን አይንሣቸው፤ አሜን።