የማያውቅ ግራ እጁን ያውጣ

ወገኖቼ፣ ተቀምጣችሁ አንብቡልኝ! ዛሬ ነቀምቴ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፌ፣ አርባ ዓመት የደበቅኩት ጉድ ፈነዳብኝ።

ያውም ባለቤቴ ኤልሳቤጥ አጠገቤ ቆማ!

የጡረታ ወረቀት ልናባዛ ነበር የሄድነው። አንዲት ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴትዮ የፈተና ወረቀት ይዛ ገባች። አየችኝና ሁለቱንም እጆቿን ሽቅብ አወጣች።

"ጋሼ! አካም ጅርቱ? ቀኝ ነው ግራ?"

ቶለሺ! በደርግ ጊዜ ሲሬ ከተማ ያስተማርኳት ቶለሺ! ለሰልፈኛው ሁሉ ታሪኩን ዘረገፈችው። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልናገር።

ያኔ ሲሬ ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ኤልሳቤጥ ነቀምቴ ናት፤ አዲስ ሙሽራ፣ በዚያ ላይ ነፍሰ ጡር። ከአውራጃ የሚመጣው ኢንስፔክተር ትምህርቴን ከወደደው ነቀምቴ ልዛወር ነው። ልጄ ስትወለድ አጠገቧ ልሆን ነው!

የዕለቱ ትምህርት ደግሞ ፓሲቭ ቮይስ።

ልጆቹ ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ ነው የሚያወሩት፤ እንግሊዝኛው ሦስተኛ ነው። "ጫላ ድንቹን በላ" ስላቸው "ድንቹ በጫላ ተበላ" ይላሉ። ሸጋ! በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ድንቹ ተነስቶ ጫላን ይበላዋል።

ስለዚህ ዘዴ ዘየድኩ። ወይ ዘዴ!

"ነገ ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ። የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን!" ቀኝ ያወጣውን ብቻ እጠራለሁ፤ እንግዳው ክፍሉ ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ጎበዝ አይደለሁም?

ኢንስፔክተሩ ካኪውን ለብሶ፣ ፊቱን አጥቁሮ ገባ። ግራ እጁን ጨብጦ አነሳና "አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!" አለ። ክፍሉም ግራ እጁን አነሳ። ያኔ ባለሥልጣን ፊት የሚነሳው ግራ እጅ ነዋ!

ቀጥዬ ጠየቅኩ። ሃምሳ እጅ ወጣ።

ሃምሳውም ግራ!

ጓድ ኢንስፔክተሩን ሲያዩ እጃቸው በልማድ ወደዚያው ሄደ። የክፍሉ አንደኛ ቶለሺ እንኳ ግራ! ማንን ልጥራ? እኔው ጠይቄ እኔው መለስኩ። ሦስት ጊዜ!

በመጨረሻ ቶለሺ ነቃችና ግራዋን አውርዳ ቀኟን አወጣች። ምነው ባልነቃች! ኢንስፔክተሩ አያት።

"አንቺ፣ ለምን ቀየርሽ?"

"የማያውቅ ግራውን እንዲያወጣ ተነግሮናል፣ ጓድ።"

"በማን?"

"በቲቸር!" አለች፣ ደረቷን ነፍታ።

ኢንስፔክተሩ ቅድም ያነሳውን ግራ እጁን ቀስ ብሎ ተመለከተ። "የአብዮቱ እጅ የመሃይም እጅ ሆነ ማለት ነው?" አለኝ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ይታሰር ነበር።

እኔ አልታሰርኩም። በሳምንቱ ግን ነቀምቴ ቀርቶ ይበልጥ ወደሚርቀው ኑኑ ቁምባ ላኩኝ። ሁለት ዓመት! ሌንሳ ስትወለድ አልነበርኩም።

ለኤልሳቤጥ ምን አልኳት? "ተዛወርኩ።" በቃ፣ ይህችን ብቻ። በማን ጥፋት እንደሆነ ትንፍሽ አላልኩም። እሷ አርባ ዓመት ሙሉ ያንን መንግሥት ስትረግም ኖረች። እኔም አብሬያት ስረግም!

ዛሬ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ቶለሺ አሁን የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ የያዘችው ፈተናም ያው ፓሲቭ ቮይስ። "ጋሼ፣ የገባኝ እኮ ያን 'በማን?' የተባልኩ ቀን ነው" አለችኝ። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ።

ኤልሳቤጥ ግን አልሳቀችም።

ሁልጊዜ "አባ ሌንሳ" የምትለኝ ሴት ዛሬ "መምህር ደሳለኝ" አለችኝ!

"ልጄን ብቻዬን ወለድኳት። ተዛወርኩ ነበር ያልከኝ። በማን?"

"በራሴ" አልኩ። አርባ ዓመት ያልወጣችኝ ቃል ናት።

አሁን እሷ ጓዳ ናት፣ እኔ በረንዳ ላይ ይህን እጽፋለሁ። እስቲ ፍረዱኝ! ይቅር ትለዋለች የምትሉ ቀኝ እጃችሁን አውጡ፤ አትለውም የምትሉ ግራችሁን።

ኧረ በፈጠራችሁ፣ በልማድ እንዳታወጡ!