አምፖል እየበራ የጠፋ መብራት

ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ ወገንተኛ ነው። ሁለት ጉንዳኖች ግድግዳ ላይ ሲሽቀዳደሙ ቢያይ እንኳ ሻዩን አስቀምጦ አንዷን «የኔ» ማለቱ አይቀርም። «የኔ» ካለ በኋላማ አለቀ፤ ጉንዳኗ ወደ ኋላ ከቀረች ሻዩ ይመረዋል። እናንተ እንዲህ እንዳልሆናችሁ ልትከራከሩኝ ትችሉ ይሆናል። የየት አገር እንደሆነ ለማታውቁት ቡድን ስትጮኹ ግን ጎረቤት ሰምቷችኋል።

እኔ ሐይቅ ከተማ ስፖርት አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን የቅርጫት ኳስ ምሰሶ አለው፤ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ቡድኖች የሚያገቡት እዚያው ላይ ነው። በዚህ ሙያዬ የተነሣ፣ የአገሮች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና በዘሀራ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን በመጣ ጊዜ «መምህር፣ አስረዳን» ተብዬ ከፊት ተቀመጥኩ። ቅርጫት ኳስ ናፍቆን እንዳይመስላችሁ። የእግር ኳሱ ወቅት አልቆ፣ የዘሀራ ሪሞትም ባትሪ ጨርሶ፣ ቻናሉ እዚያው ላይ ቆሞብን ነው። ዘሀራ ተጫዋቾቹን አየት ታደርግና «እነዚህን ምን አልጋ ይችላቸዋል?» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ሕጉን አስረዳለሁ። የሚሰማኝ አልነበረም።

ነገሬ ግን ስለ ሰይድና ስለ ደምሴ ነው። ሁለቱ ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው፤ አንድ ጀልባና አንድ መረብ ለሁለት ይዘው የጎለመሱ። መረቡን ማታ ይጥላሉ፣ ጠዋት ያወጣሉ። ታዲያ አንድ ጠዋት ሰይድ «ተራው የደምሴ ነው» ብሎ ቀረ፣ ደምሴም «የሰይድ ነው» ብሎ ቀረ፤ ቀን ላይ ንፋስ ተነሣና መረቡን ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጀልባዋ ዳር ላይ ተደፍታ የዶሮ ማደሪያ ሆነች። አንዱ እየቀዘፈ አንዱ ካልጣለ ዓሣ የለም፤ ዓሣ ከሌለ ደግሞ በሁለቱም ቤት ወጥ የለም። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት መጥተው ከሰልፍ ላይ ሲቀመጡብኝ እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ።

ይህን ሊፈቱ ሸህ ይማም ከአምባሰል በኩል፣ ከውጫሌ በሚኒባስ ይመላለሳሉ። ሸህ ይማም አበጋር ናቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የታረቀውን የሚመርቁ የአገር ሽማግሌ። ፍርዳቸው አጭር ነበር፦ ጥፋቱ እኩል ነው፤ መረቡን ግማሽ ግማሽ አድርጋችሁ አዲስ ሥሩ። ሁለቱም መረብ መሥራቱን አልጠሉም። የጠሉት «እኩል» የምትለዋን ቃል ነው። ሰይድ «ትንሽ አጥፍቻለሁ» ይላል፣ ደምሴም «ትንሽ አጥፍቻለሁ» ይላል። የቀረው ትልቁ ጥፋት የማን እንደሆነ ንፋሱን ከመጠየቅ በስተቀር መላ አልተገኘም። ሸህ ይማምም ሰለቻቸውና «ዛሬ ካልሆነ ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ» አሉ።

ያ «ዛሬ» የዋንጫው ጨዋታ ቀን ሆነና ሁላችንም ከአስር ሰላት በኋላ ዘሀራ ቤት ተገናኘን። ሰይድ ቀድሞ ገብቶ ነጭ የለበሱትን፣ የጎረቤት አገር ልጆች ናቸውና፣ «የኔ» አለ። ደምሴም ልቡ ከጎረቤቶቹ ጋር ነበር፤ አይቼዋለሁ። ግን ከሰይድ ጋር በአንድ ወገን ከሚጮኽ ስማቸውን እንኳ መጥራት የማይችለውን የባሕር ማዶ ሰዎች መረጠ። «እኔ የቀዮቹ ነኝ» ብሎ በወዲያኛው ጥግ ተቀመጠ።

ደምሴ ቅርጫቱን ትኩር ብሎ አየና «ይሄ መረብ እኮ ታቹ ክፍት ነው፤ ምን ሊይዝ ነው?» አለ። ሰይድ ወደ ግድግዳው ዞሮ «ያልተከፈተውን የያዝነውስ ምን ይዘናል» ሲል መለሰ። ለወራት የተነጋገሩት ይህንኑ ብቻ ነው፤ እሱም በግድግዳ በኩል።

ጨዋታው ጥሩ ነበር። ነጮቹ ሲመሩ ሰይድ ያስላል፣ ቀዮቹ ሲመሩ ደምሴ ያስላል። በመጨረሻ ፊሽካ ሲነፋ የሁለቱም ነጥብ አንድ ሆኖ ቆመ። ሸህ ይማም ወደ እኔ ዞሩና «መምህር፣ እኩል ናቸው?» አሉኝ። እኩል ናቸው አልኳቸው። በቅርጫት ኳስ እኩል ወጥቶ መለያየት የለም፣ ጭማሪ ሰዓት አለ ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተዋል።

«ዓለም የሚያያቸው ጎረምሶች እኩል ሲወጡ አላፈሩም» አሉ። «እናንተ በአንዲት መረብ እኩል ማጥፋት አሳፈራችሁ?»

ሰይድ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣና ወደ ወዲያኛው ጥግ ሄደ።

«ደምሴ፣ አፉ በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ። አንተም አፉ በለኝ» አለ ደምሴ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሸህ ይማም ዱኣ አደረጉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን አልን። እኔ እንባዬ መጣ፤ የሰው ልጅ ሲታረቅ ማየት እወዳለሁ።

በዚህ መሐል ተጫዋቾቹ ውኃቸውን ጠጥተው ወደ ሜዳ ይመለሱ ጀመር። ሸህ ይማም አዩ። ዘሀራን አዩ። ዘሀራ ብልህ ሴት ናት፤ የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቅላ «ውይ፣ መብራት ጠፋ» አለች።

አምፖሉ ከአናታችን ላይ እየበራ ነው። ፍሪጁ ያንጎራጉራል። ቤት ሙሉ ሰው ቀና ብሎ አምፖሉን አየ፣ መልሶ መሬት መሬቱን አየ። መጀመሪያ የተናገረው ሰይድ ነው፤ «ይሄ መብራት አንድ ቀን እንኳ አያስጨርሰን» አለ። ደምሴም «ምን ይደረግ፣ እኩል ወጥተዋል እንግዲህ» ብሎ አገዘው። በጨለማው ምክንያት ተደጋግፈን ወጣን። ውጭ ገና ፀሐይ ነበር።

በማግስቱ ዶሮዎቹ ከጀልባዋ ላይ ተባረሩ። መረቡም ተሠራ፤ የሁለቱ ሰው ቋጠሮ የሚገጥምበት ቦታ መሐሉ ላይ ይታያል። ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን የጨዋታው ውጤት ከዚያ ምሽት እንዳላለፈ አትጠራጠሩም። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና በከተማው ያነሣው የለም።

አንድ ጠዋት ዓሣ ልገዛ ዳር ወረድኩ። ሰይድ ቅርጫት ሊያመጣ ሲሄድ ደምሴ ጠጋ አለኝና «ቀዮቹ ናቸው ያሸነፉት፣ አደራ ለሰይድ እንዳትነግረው፤ ይከፋዋል» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደምሴ ጀልባዋን ሊያስር ሲሄድ ሰይድ በተራው ጠጋ አለ። «እንደተሸነፍኩ አውቃለሁ። ለደምሴ እንዳትነግረው፤ አሸነፍኩ ካለ መቅዘፉን ይተውብኛል።» ለሁለቱም ማልኩላቸው። ዓሣውን መርቀው ሰጡኝ።

በሌላ ቀን ሸህ ይማምን ወደ ውጫሌ ላሳፍር መናኸሪያ ወረድኩ። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ እጄን ይዘው ሳቡኝና፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ ያን ቀን ማን አሸነፈ?»

«መብራት ጠፍቶ ነበር እኮ፣ አባባ።»

ሸህ ይማም እጄን ለቀቁና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

«አብሽር፣ መምህር» አሉኝ። «አሁን ገና ተማርህ።»