መልስ የማይሰጥ አማካሪ

ነገሩ የሆነው ከስምንት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ አዳማ ላይ ነው። ያኔ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ፣ ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ተግባራዊ ሥነ ልቦና ልማር ብዬ እንደገና ደብተር የያዝሁ ሰው ነበርሁ።

መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም ይባላል። በዚህ ስሌት እኛ ለዘላለም መንገሥ ነበረብን፤ የባጃጁ ሹፌር ስለ ትዳርዎ፣ ጎረቤትዎ ስለ ኩላሊትዎ ሳይጠየቁ ይመክራሉና። ታዲያ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርሁት ምን ይመስልዎታል? አለመምከርን! አማካሪ ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፤ መፍትሔውን ባለጉዳዩ ራሱ ከውስጡ ያወጣዋል። ሕጉ ይኸው ነው፤ እኔም ሕግ አክባሪ ነኝ።

ለልምምድ የተመደብሁበት ትምህርት ቤት ያረጁ ኳሶች የተከመሩበትን ክፍል «ቢሮ» ብሎ ሰጠኝ። የመጀመሪያዋ ባለጉዳዬ ሽንኩርት ነጋዴዋ ወይዘሮ ጫልቱ ነበሩ። ልጃቸው ሌንሴ ዐሥራ አንደኛ ክፍልን አቋርጣ ላንጋኖ ሆቴል ተቀጥራለች፤ እስከ ዓርብ ካልተመለሰች ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል።

ገና ሳይቀመጡ፣ መምህር ምን ላድርግ አሉኝ። በተለማመድሁት ለስላሳ ድምፅ፣ እርስዎ ምን ይመስልዎታል አልኋቸው። እኔ ባውቅማ ሽንኩርቴን ፀሐይ ላይ ጥዬ ምን አመጣኝ አሉ። ሽንኩርቱን ጥለው ሲመጡ ምን ተሰማዎት አልሁ። «ያ ረቢ!» ብለው ትክ ብለው አዩኝ፤ ቀጥለውም ለመሆኑ ይህን ሥራ ከጀመሩ ቆዩ ወይ አሉ። ሙያው ሐቀኝነትን ያዛልና ገና ተማሪ መሆኔን፣ የሚመዝኑኝም በእርሳቸው ጉዳይ መሆኑን ነገርኋቸው።

ፊታቸው በአንድ ጊዜ ራራ። ልጆች አሉዎት? ምሳስ በልተዋል? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል? እኔም አንድ በአንድ መለስሁ። ሲወጡ «አይዞዎት» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ሐሙስ ጧት ሌንሴ ክፍል ገባች! እኔም ባለጉዳይዋ ያለ አንዳች ምክር መፍትሔውን ከራሳቸው እንዳፈለቁ የሚያስረዳ ረጅም ዘገባ ጽፌ ከክፍላችን ከፍተኛውን ነጥብ አገኘሁ። ከተመረቅሁ በኋላም ለጀማሪ አማካሪዎች የምጠቅሰው ምሳሌ ይኸው ሆነ። ጥበበኛ ጥያቄ የማይከፍተው ምን በር አለ?

ባለፈው ዓመት ሞጆ አንድ ክሊኒክ ገብቼ የደም ግፊቴን የለካችኝ ነርስ ሌንሴ ሆና ተገኘች። ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ ያን ጊዜ ምን መለሰሽ አልኋት። ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። እናቷ ላንጋኖ ድረስ ወርደው፣ ሆቴሉ በር ላይ ቆመው እንዲህ ብለዋት ኖሯል፦

«ለእኔ ብለሽ ተመለሺ አልልሽም፤ ለራስሽም ብለሽ አልልሽም። ግን እዚያ ትምህርት ቤት አንድ ሽበታም ተማሪ አለ፤ ምንም አያውቅም፣ ሁሉን እኔን ነው የሚጠይቀኝ። እባክሽ ልጄ፣ በስተርጅናው ክፍል አታስደግሚው!»