ሦስት ሺህ መጽሐፍ በአንድ ካልሲ

ሥልጣኔ ወደ ኮዬ ፈጬ የገባው በአውቶቡስ አይደለም፤ አውቶቡስ እንደሚዘገይ እሱም ያውቃል። የገባው በካልሲ ነው። ይህን ሳልናገር ብሞት ኅሊናዬ ይወቅሰኛልና፣ የኮንዶሚኒየም ብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ፈቀደ ከወረቀት ጨለማ እንዴት እንዳወጡን እነሆ እተርካለሁ።

በኮሚናላችን፣ ማለትም ሰርግም ልቅሶም በምናስተናግድበት የጋራ ቤት ውስጥ፣ ነዋሪው ያዋጣቸው መጻሕፍት የተደረደሩበት አንድ መደርደሪያ ነበረን። አሳፋሪ መደርደሪያ ነበር። መጻሕፍቱ አቧራ ለብሰዋል፤ ሽፋናቸው ተገንጥሏል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰው ያነባቸው ነበር። በተለይ ከክር ፋብሪካ በጡረታ የወጡት ወይዘሮ ብዙወርቅ ርዕሱ እንኳ የማይታወቅ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ይዘው መስኮቱ ሥር ከተቀመጡ የሚያስነሳቸው አልነበረም። ባለታሪኳ አስካለ ትባላለች። አባቷ ለባለ ወፍጮው ሊድሯት ነው፤ እሷ የወደደችው ሾፌሩን ነው። ወይዘሮ ብዙወርቅ ሽማግሌዎቹ በር እስኪያንኳኩ ድረስ አነበቡና ገጹ ላይ ክር አስገብተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ ሲመጡ መደርደሪያው ባዶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአቶ ፈቀደ የእህት ልጅ ሚራክል ከዱባይ ስትመለስ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ታመጣላቸዋለች፤ ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ ሦስት ሺህ መጽሐፍ በሆዱ የያዘ። አቶ ፈቀደም ሳይሰስቱ ለብሎኩ አበረከቱት። ኮሚቴው በዚያው ዕለት ተሰብስቦ ወረቀቶቹ «ጊዜ ያለፈባቸው» መሆናቸውን በሙሉ ድምፅ አጽድቆ በክብር አሰናበታቸው። የተሰናበቱት ከብሎኩ ሥር ወዳለው የሀይረዲን ሱቅ ነው። ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ ሀይረዲን ቆሎ የሚጠቀልልበት አጥቶ ተቸግሮ ነበር፤ በምትኩ ለምረቃው በዓል ለስላሳውንም ቆሎውንም ቻለ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉ አንዳንድ ኋላ ቀሮች በዚያ ሰሞን ተሰምተዋል። ኮሚቴው ግን ለተረት ጊዜ የለውም።

የምረቃው ዕለት ሪባን ተቆረጠ።

«ይህ መሣሪያ» አሉ አቶ ፈቀደ፣ «አቧራ አይለብስም! አይጥ አይበላውም! ባትሪው አንዴ ከሞላ ሳምንታት ስለሚቆይ መብራት ሄደ ብሎ አያላዝንም! ፊደሉን የፈለጋችሁትን ያህል ስለሚያሳድግ መነጽር የለኝም ማለት ከእንግዲህ ሰበብ ነው! ጉድለቱስ ብትሉኝ፣ ጉድለት የለበትም!»

ብሎካችን የቆመበት ማሳ የቤተሰባቸው የነበረው አባባ ጀቤሳ መሣሪያውን አገላብጠው አዩት።

«ሦስት ሺው በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ይገባል፣ ይገባል» አሉ። «እኛም ጤፍ ስንዘራበት ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ይገባል አላልንም ነበር።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ እጃቸውን አወጡ። «አስካለስ አለችበት?»

«ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ!»

አቶ ፈቀደ ጣታቸውን በምራቅ አራሱ፤ እኛ ዘንድ ገጽ የሚገለጠው እንዲያ ነውና። ከዚያም መስተዋቱን ፈተግ አደረጉት። መሣሪያው እንዲህ ያለ አክብሮት አልለመደም። ወደ ፊት ዘለለ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ በመጨረሻ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አሳብጦ ቀጥ አለ።

«አማርኛውስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

አማርኛው ተከፈተ። ፊደላችንን የማያውቀው መሣሪያ በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ደርድሯል፤ ከሩቅ ሲታይ ቁርጥ የብሎካችንን መስኮቶች ይመስላል። አቶ ፈቀደ ጥቂት አሰቡ።

«ይህ ዲጂታል አማርኛ ነው» አሉ። «ቀስ እያላችሁ ትለምዱታላችሁ።»

ተጨበጨበ።

ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው መሣሪያውን በእርጥብ ጣት መንካት ከለከለ። ቀጥሎ በደረቅ ጣትም ከለከለ። አቶ ፈቀደም እንዳይጫርባቸው ባዶው መደርደሪያ ላይ በቀረ ወረቀት ጠቅልለው፣ በንጹሕ ካልሲ ከትተው ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። እንዲህ ያለ የማይሰረቅ፣ የማይቀደድ፣ የማይነበብ ቤተ መጻሕፍት በአካባቢው የለም።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ግን ከሱ። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ ሴትዮዋ ያሳዝኑ ነበር። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ ያቺ አስካለ ሆና ነበር ልጃቸው። ተድራ እንደሆነ ወይ አምልጣ እንደሆነ ሳያውቁ ቡና እንኳ አልጥም አላቸው።

አንድ ቀን ከሀይረዲን የገዙትን ቆሎ ሳህን ላይ ሲገለብጡ መጠቅለያው ላይ ዓይናቸው ወደቀ። «አስካለ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው» ይላል። ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረጃውን ወረዱት።

«ሀይረዲን! ይሄን ወረቀት ከየት አመጣኸው?»

«ከናንተው ነዋ እማማ ብዙዬ! ኮሚቴው ነው የሰጠኝ።»

«በል ቀጣዩን ስጠኝ!»

«ቀጣዩን ለአራተኛ ፎቆች ኦቾሎኒ ጠቀለልኩበት።»

ወደ አራተኛ ፎቅ ወጡ። ወረቀቱን ያገኙበት ቤት ሰዎች ግን ከመስጠታቸው በፊት ካላነበብነው አሉ፤ ካነበቡት በኋላ ደግሞ የፊተኛውን ካላየን አሉ። ነገሩ እንዲህ ተዛመተ። በሳምንቱ ብሎኩ በሙሉ ከበረንዳ በረንዳ ይጯጯህ ጀመር።

«ሽማግሌዎቹ የገቡበት ገጽ ማን ጋ ነው?»

«እኛ ጋ! ዘይት ነክቶታል፣ ግን ይነበባል!»

ጥርስ ያለውም የሌለውም ቆሎ ገዛ። በአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ስለ ባለ ወፍጮው የማይራገም ጠፋ። አቶ ፈቀደ «ከኮሚቴው ዕውቅና ውጭ የሚካሄድ ንባብ» በአስቸኳይ እንዲቆም አሳሰቡ። ሁኔታውን በቅርበት ለመከታተልም እሳቸው ራሳቸው በየቀኑ ቆሎ ይገዙ ጀመር፤ ለሥራ ሲሉ እንጂ ጨጓራቸው ቆሎ አይስማማውም።

እንዲህ እንዲህ እያልን አስካለን ከመኪናው ደጃፍ አደረስናት። ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል፤ አባቷ ከኋላ ይጣራሉ፤ እሷ አንድ እግሯን አንስታለች። የመጨረሻው ቅጠል የለም።

«ወላሂ የለም!» አለ ሀይረዲን። «ሲሰጡኝም መጨረሻው ተገንጥሎ ነበር።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ተስፋ አልቆረጡም። ነዋሪውን አስከትለው አቶ ፈቀደ በር ላይ ቆሙ።

«ሁሉም አለ ብለውን አልነበር? እንግዲያው ያንን ነገር ያውጡልኝ። ሳጥን ሳጥኑንም ቢሆን ልየው።»

አቶ ፈቀደ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ካልሲውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ፤ መሣሪያውን መዘዙ፤ የተጠቀለለበትን ወረቀት በጥንቃቄ ፈቱ። ማብሪያውን ተጫኑት። ያ ሳምንታት የሚቆየው ባትሪ ሞቷል። ወይዘሮ ብዙወርቅ ግን መሣሪያውን አላዩትም። ወረቀቱን መንጨቅ አደረጉና በቁማቸው ማንበብ ጀመሩ። ደረጃው ላይ የቆመው ሕዝብ አንገቱን አሰገገ። ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከዚያ ሳቅ አሉ፤ ከዚያ ቅጠሉን አጥፈው ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

አቶ ፈቀደ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«አላልኳችሁም? ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ!»

ተጨበጨበ። ጭብጨባው በረድ ሲል አቶ ፈቀደ ካልሲውን እንደያዙ ወደ ወይዘሮ ብዙወርቅ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ... ተሳፈረች?»

«ሦስት ሺህ መጽሐፍ አለዎት አይደል? ይፈልጓታ» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ። «ጣትዎን ግን እንዳያርሱ።»